ብሉቱዝ ማዳመጫ በወኪ ቶኪ ላይ፦ የመጀመሪያዋ ቃል እየተቆረጠችብኝ ነው

ገመድ በቃኝ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሥራዬ ዝግጅት ማስተባበር ነው። መድረክ፣ ድምፅ፣ መብራት፣ በር፤ ሁሉንም የምናገናኘው በወኪ ቶኪ ነው። የማዳመጫው ገመድ ግን ነፍሴን አወጣው። ወንበር ይይዘዋል፣ ልብስ ሥር ይጠማዘዛል፣ ጎንበስ ስል ከጆሮዬ ተመዝዞ ይወጣል። ስለዚህ ሬዲዮው ጎን ላይ የሚሰካ የብሉቱዝ አዳፕተር ገዛሁ። በአንድ ጆሮ የሚደረግ ማዳመጫና ጣት ላይ የምትታሰር ትንሽ የፒቲቲ ቁልፍ (ለመናገር የምትጫናት) አብረውት መጡ።

መስማቱ ላይ ምንም አልልም፤ ጥርት ያለ ነው። ጉዱ ስናገር ነው። ቁልፏን ተጭኜ «መብራት አጥፉ» ስል እነሱ ጋ የሚደርሰው «አጥፉ» ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ «አትክፈቱ» ያልኩት «ክፈቱ» ሆኖ ደረሰና በሩ ከሰዓቱ በፊት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ሌላም አለ። ስልኬ ላይ የምጠቀምባቸውን ገመድ አልባ ኢርፎኖች ከአዳፕተሩ ጋር አጣምሬ ነበር። ድምፅ ይሰማል፣ ማይኩ ግን ጭራሽ የለም። ሬዲዮዬ አናሎግ ነው፣ ዩኤችኤፍ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳው የተለመደው ዓይነት። ችግሩ ከአዳፕተሩ ነው ወይስ ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም?

ዝም ብዬ ነው፦

ገመድ ተጠቀም። ተፈታ። ቀጣይ ጠያቂ?

የሬዲዮ ሐኪሟ፦

ወንድሜ፣ እሱን ተወውና አዳፕተሩን ለመመለስ አትቸኩል።

በገመድ ማይክ ስትናገር ቁልፉ ሁለት ሽቦ ያገናኛል፣ ሬዲዮው ማሰራጨት ይጀምራል፣ አለቀ። በብሉቱዝ ግን ተራ የሚጠብቁ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ቁልፏ ለአዳፕተሩ «ተጭነውኛል» የሚል መልእክት ትልካለች። አዳፕተሩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የድምፁን መስመር ዘግቶት ከነበረ ከማዳመጫው ጋር እንደገና መክፈት አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚበላው ይሄ ነው። ከዚያ ሬዲዮውን ወደ ማሰራጨት ይቀይረዋል። የሚሰሙህ ሰዎች ሬዲዮ ላይ ደግሞ ሲቲሲኤስኤስ (የራስን ቡድን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ ኮድ) ተሞልቶ ከሆነ ኮዱን እስኪያውቀው ድረስ ድምፅ ማጉያውን አይከፍትም። መሃል ላይ ሪፒተር (ድምፁን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) ካለ እሱም የራሱን ይጨምራል። እያንዳንዱ ለብቻው ኢምንት ነው። ሲደማመር ቃል ይውጣል።

ዛሬውኑ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ፤ ተጫን፣ ቆየት በል፣ ተናገር። ብዙ አዳፕተሮች መስመሩ ሲከፈት ማዳመጫው ውስጥ ጢጥ የምትል ድምፅ ያሰማሉ። እሷን ሳትሰማ አፍህን አትክፈት። መመሪያውንም ገለጥ አድርገው፤ አንዳንዱ አዳፕተር የድምፁን መስመር ሁልጊዜ ክፍት የሚያደርግ ምርጫ አለው። የማዳመጫው ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ቃልህ ግን በሰላም ይደርሳል። በዚያ ላይ ትእዛዙን ወደ ኋላ ግፋው። መጀመሪያ ሰው ጥራ፤ «በር አንድ፣ በር አንድ፣ አትክፈቱ» በል። ቢቆረጥም የሚቆረጠው ስሙ ነው።

አሁን ወደ ኢርፎኖችህ። ብሉቱዝ ድምፅ የሚያስተላልፍበት መንገድ አንድ አይደለም። ለሙዚቃ የሚሆነው ፕሮፋይል ኤቱዲፒ ይባላል። ድምፁ ያምራል፣ ግን ወደ ጆሮ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ማይክ አያውቅም። ለስልክ ጥሪ የሚሆነው ኤችኤፍፒ ነው፣ እሱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። እንዳልከው ከሆነ ኢርፎኖችህና አዳፕተሩ በሙዚቃው መንገድ ብቻ ነው የተገናኙት። «ኤችኤፍፒ ድምፁን ያበላሻል» የሚሉ አሉ። መሠረታዊው ኤችኤፍፒ ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ናሙና ነው የሚወስደው፤ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ግን አናሎግ ወኪ ቶኪ ራሱ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው። ሬዲዮው ያልሰጠህን ማዳመጫው ከየት ያመጣዋል?

ሳትጠይቀኝ ልጨምርልህ። የኢርፎን ስልክ ማንሻ ቁልፍ ፒቲቲ አይደለም። «አንሳ» ወይም «ዝጋ» ይላል እንጂ «አሁን ይዘውኛል፣ አሁን ለቀውኛል» ማለት አይችልም። በእሱ የሚሠሩ አዳፕተሮች አንዴ ሲነካ ማሰራጨት ይጀምራሉ፣ ሁለተኛ ሲነካ ያቆማሉ። ሁለተኛውን የረሳህ ቀን ቡድኑ በሙሉ ትንፋሽህን ሲያዳምጥ ይውላል፣ ሌላ ሰውም ቻናሉ ላይ መግባት አይችልም። ለዚህ መድኃኒቱ ሬዲዮው ላይ ያለው ቲኦቲ የሚባለው ሴቲንግ ነው፤ ያለማቋረጥ የምታሰራጭበትን ጊዜ ይገድባል። 60 ሰከንድ ላይ አድርገው።

ባለ ሁለት ጎማ፦

ሐኪሟ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጠቀመው ሞተር ሳይክል ላይ ነው። ሄልሜቴ ውስጥ የብሉቱዝ ኢንተርኮም አለ፣ ከወኪ ቶኪው ጋር የሚያገናኘኝ ሴና ኤስአር10 ነው። ፒቲቲው ግን የገመድ ነው! መሪው ላይ ታስሯል፣ ገመዱ አዳፕተሩ ውስጥ ይገባል። በብሉቱዝ የሚሄደው ድምፁ ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው አሠራር ይሄ ነው። ጆሮህ ነፃ ይሆናል፣ ቁልፉ ደግሞ አይዋሽህም።

አሁን አንዱ መጥቶ «ቮክስ ተጠቀም፣ ቁልፍ ምን ያደርግልሃል» ይልሃል። እንዳትሰማው። ቮክስ ድምፅ ሲሰማ ነው ራሱን የሚከፍተው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋን ቃል የሚበላው እሱ ራሱ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ነፋሱ ይከፍተዋል። አዳራሽ ውስጥ ከሆንክ ጭብጨባው ይከፍተዋል።

ገመድ በቃኝ፦

ሐኪሟ እጅሽ ይባረክ። ጢጧን መጠበቅ ጀመርኩ፣ ቃሉ መቆረጡ ቆመ ማለት ይቻላል። ስም አስቀድሞ መጥራቱንም ለሁሉም ነገርኳቸው። ቲኦቲውንም ሞልቻለሁ። ኢርፎኖቹን ወደ ስልካቸው መልሻለሁ።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ አዳራሹ ባዶ እያለ ሰላም የነበረው ድምፅ ሰው ሲሞላ ይንጫጫል፣ ይቆራረጣል። ሬዲዮው ግራ ወገቤ ላይ ነው፣ ማዳመጫው ቀኝ ጆሮዬ ላይ። ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ርቀት ነው እኮ! ሳጥኑ ላይ 10 ሜትር ይላል። ሁለተኛ፣ ረዘም አድርጌ ስናገር አንዳንዴ አዳፕተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል።

ጋሽ ሞገድ፦

ልጄ፣ 10 ሜትር የሚሉህ መሃል ላይ ምንም ነገር ከሌለ ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ይህን ሞገድ ውኃ ይመጠዋል፣ የሰው አካል ደግሞ በአብዛኛው ውኃ ነው። ከግራ ወገብህ እስከ ቀኝ ጆሮህ ድረስ መሃል ላይ የቆመው ማነው? አንተው ራስህ። አዳራሹ ባዶ ሲሆንማ ያው የአየር ላይ መንገድ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ሞገድ ከግድግዳና ከጣሪያ ተንጸባርቆ ይደርስልሃል። ሰው ሲሞላ ያም ይዋጣል። ሬዲዮህን ማዳመጫው ባለበት ወገን ታጠቀው። ቀኝ ጆሮ ከሆነ ቀኝ ወገብ። ልዩነቱን ወዲያው ትሰማዋለህ።

በዚያ ላይ የታዳሚው ስልክ ሁሉ በዋይፋይም በብሉቱዝም እዚያው 2.4 ላይ ይተራመሳል። ክላሲክ ብሉቱዝ በ79 ቻናሎች ላይ በሰከንድ 1,600 ጊዜ እየዘለለ ነው የሚሠራው፤ የተጨናነቀውን ቻናል ለይቶም ይሸሻል። ለዚህ ነው ጨርሶ የማይዘጋው። ግን መሸሻ ሲያጣ ይንጫጫል።

አዳፕተሩ የሚጠፋው በሌላ ምክንያት ነው። ሬዲዮህ ሲያሰራጭ ምናልባት 4 ወይም 5 ዋት ነው የሚያወጣው። ተራ የብሉቱዝ መሣሪያ ኃይሉ 2.5 ሚሊዋት ነው። 5 ዋት የዚያ 2,000 እጥፍ ነው። እና አንተ ያንን ለስላሳ ነገር የሰካኸው የት ነው? አንቴናው ሥር፣ ጣት በማይሞላ ርቀት። ሁለቱ ፍሪኩዌንሲ ስለተገናኘ አይደለም የሚረብሸው፤ የሬዲዮህ 400 ምናምን ሜጋኸርዝ የት፣ የብሉቱዙ 2.4 ጊጋ የት። ኃይለኛው ሞገድ በአዳፕተሩ ሽቦዎች ሾልኮ ውስጡ ያለውን ቺፕ ያሳብደዋል። አንዳንዴ ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያደርጋል፤ ፒቲቲውን ይዞ አልለቅም ይላል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። አዳራሽ ውስጥ ለምትሠራው ሥራ 5 ዋት ምን ያደርግልሃል? ሬዲዮውን ዝቅተኛ ኃይል ላይ አድርገው። ብዙውን ጊዜ በዚህ ብቻ ያልቃል፣ ባትሪህም ይረዝማል። ካልሆነ ሬዲዮው ላይ በቀጥታ ከሚሰካው ይልቅ አጭር ገመድ ያለውን አዳፕተር ፈልግ፤ ደረትህ ላይ ትሰካዋለህ፣ ከአንቴናው ይርቃል። ያቺ ገመድ ላይ ፌራይት ቀለበት (እንዲህ ያለውን ሾልኮ የሚገባ ሞገድ የሚያፍን) ብታጠልቅባት የበለጠ ትረጋጋለች።

ብሉቱዝ ውስጡ የተሠራበት ሬዲዮ ይህ ችግር የለበትም፤ ሲሠሩት አስበውበታል፣ ሸፍነውታል። አማተር ሬዲዮ የምንሠራ ሰዎች የምናውቃቸው የኬንውድ ቲኤች ዲ74፣ የያኤሱ ኤፍቲ3ዲ፣ የአይኮም አይዲ 52 ሁሉም አብሮ የተሠራ ብሉቱዝ አላቸው። ዲ74ን በጣም የምወደው ለማዳመጫ አይደለም። «ኪስ» (KISS) ሞድ የሚባል አለው፤ ስልክህን በብሉቱዝ አገናኝተህ ኤፒአርኤስ ትሠራለህ፣ ያለህበት ቦታና አጫጭር መልእክት በሬዲዮ ሞገድ ይሄዳል። ኢንተርኔት የለም፣ ሲም የለም። አንድሮይድ ላይ ነው ግን የሚሠራው። አይፎን እንዲህ ያለውን የክላሲክ ብሉቱዝ ሲሪያል መስመር ለማንም መሣሪያ እንዲሁ አይከፍትም። ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ።

ገመድ በቃኝ፦

ኧረ ጋሼ፣ ይውጡ! ዝቅተኛ ኃይል የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ጥግ ይሰማል፣ አዳፕተሩም መጥፋት አቁሟል። ወገንም ቀየርኩ።

ጥበቃ ክፍል፦

ይቅርታ በሰው ጥያቄ ውስጥ ልግባ። የእኛ ሬዲዮዎች ዲጂታል ናቸው፣ ምስጠራ ተሞልቶባቸዋል። ብሉቱዝ ማዳመጫ ብንጨምርበት ንግግራችን በዚያ በኩል አይወጣም?

የሬዲዮ ሐኪሟ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሬዲዮው ምስጠራ ሬዲዮው ላይ ያበቃል። ድምፁ ተፈትቶ ነው ወደ ማዳመጫ የሚሄደው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የብሉቱዙ የራሱ ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ እንደ መሣሪያው ዕድሜ ጠንካራም ደካማም ሊሆን ይችላል። በ2019 ኖብ የተባለ ጥቃት ይፋ ተደርጎ ነበር፤ ሁለት የብሉቱዝ መሣሪያዎች ሲስማሙ አጥቂ መሃል ገብቶ የቁልፉን ጥንካሬ እስከ 1 ባይት ድረስ ማውረድ ይችላል። 1 ባይት ማለት 256 ሙከራ ነው፤ ቁልፍ ነው ለማለትም ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛው 7 ባይት እንዲሆን ተመከረ፣ አምራቾችም አስተካክለው ሶፍትዌር አወጡ። ጥያቄው የእናንተ ማዳመጫ ያንን አግኝቷል ወይ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ፣ ሶፍትዌሩም የማይታደስ ርካሽ ማዳመጫ ከሆነ አላገኘም፣ አያገኝምም።

አጥቂው ቅርብ መሆን አለበት፣ ያ እውነት ነው። ግን ጥበቃ ላይ ያለ ሰው ቅርብ የሚመጣን ሰው አይደል የሚጠብቀው? ሚስጥር ለሚወራበት ቻናል ገመድ። ለሌላው ቢያንስ አዲስ ሶፍትዌር ያለው፣ ከዚያ ደግሞ ማጣመሩን ሰው በሌለበት ክፍል አድርጉት፤ ሲያልቅ ሬዲዮው ለሌሎች የብሉቱዝ መሣሪያዎች የሚታይበትን ሴቲንግ ዝጉት።

የምሽት ፈረቃ፦

ማጣመር ካነሳሽ አይቀር፣ እኛን ያንገበገበን ፈረቃ ቅያሪ ነው። ማዳመጫ መጨረሻ የተገናኘውን ሬዲዮ ያስታውሳል። የቀን ሰው ሬዲዮውን ቻርጀር ላይ ሰክቶ ሳያጠፋው ይሄዳል። የማታው ሰው ማዳመጫውን አንስቶ ሲያበራ ማዳመጫው ወደ ወገቡ ሬዲዮ ሳይሆን ወደዚያኛው ይሄዳል። ቢሮ ውስጥ እስካለ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ በሌላ ቻናል እያወራ ነው እንጂ። ወጥቶ ሲሄድ ደግሞ ድምፁ ድንገት ይጠፋል፣ «ሬዲዮዬ ተበላሸ» ይላል።

አሁን ማዳመጫና ሬዲዮ ላይ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፈናል፤ ቀይ ከቀይ ጋር ብቻ። የድሮ ጥምረቶችንም ከማዳመጫው ሁሉ አጥፍተናል። በቃ፣ ቀረ።

ዝም ብዬ ነው፦

እስቲ ልቁጠርላችሁ። የሬዲዮው ባትሪ አንድ። የማዳመጫው ሁለት። የአዳፕተሩ ሦስት። የፒቲቲ ቁልፏ ክብ ባትሪ አራት። ከአራቱ አንዱ ሲያልቅ ዲዳ ነህ። የኔ ገመድ ባትሪ የለውም።

የሬዲዮ ሐኪሟ፦

ዛሬ ግን ቁም ነገር ተናገርክ። ከአራቱ ተንኮለኛዋ የቁልፏ ናት። ብዙ ወር ስለምትቆይ ሰው ይረሳታል፣ ስታልቅም አትነግርህም። መለዋወጫ ኪስ ውስጥ ይኑር። ሌላው ደግሞ፣ ማዳመጫው ሲያልቅ ነቅለኸው ሬዲዮውን በእጅህ ይዘህ መናገር መቻልህን ቀድመህ ሞክር። አንዳንድ ሬዲዮ አዳፕተሩ ተሰክቶ እያለ የራሱን ድምፅ ማጉያና ማይክ ይዘጋል። ያኔ አዳፕተሩን ጭምር መንቀል አለብህ።

ነዳጅ ዴፖ፦

ማንም ስላላነሳው ነው። ተቀጣጣይ ጋዝ ወይም ነዳጅ ባለበት ቦታ የምትሠሩ ሰዎች፣ ሬዲዮው ኤቴክስ ወይም አይኢሲኢኤክስ (ፍንዳታ አያስነሳም የሚሉ ምስክር ወረቀቶች) የተመሰከረለት ስለሆነ ብቻ ብሉቱዝ አትጨምሩበት። የምስክር ወረቀቱ የሚሠራው አብረውት ለተፈቀዱት ባትሪና ዕቃዎች ብቻ ነው። ከገበያ ያመጣኸውን አዳፕተር የሰካህበት ደቂቃ ምስክር ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማዳመጫውም፣ ቁልፏም ለየብቻ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ድርድር የለም።

አንድ ጆሮ፦

እኔ የመስሚያ መሣሪያ ነው የማደርገው። ስልኬ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ከሬዲዮ ጋርስ?

የሬዲዮ ሐኪሟ፦

እንደ መሣሪያው ነው እህቴ። ብዙዎቹ የመስሚያ መሣሪያዎች ለስልክ ብቻ በተሠራ መንገድ ነው የሚገናኙት፤ ሬዲዮውም ሆነ አዳፕተሩ አያያቸውም። ኤችኤፍፒ የሚቀበሉም አሉ፤ እነሱ እንደ ማንኛውም ማዳመጫ ይጣመራሉ። ሻጩን «ክላሲክ ብሉቱዝ፣ ኤችኤፍፒ ይቀበላል ወይ?» ብለሽ በዚሁ ቃል ጠይቂው። «ብሉቱዝ አለው» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ካልተቀበለም ከጆሮ ላይ ሆኖ የሚሠራ የገመድ ማዳመጫ አለ፣ የመስሚያውን አፍ አይደፍንም።

ገመድ በቃኝ፦

ከዛሬው ዝግጅት መልስ ነው የምጽፈው። ቡድኑን ለሁለት ከፈልኩት። ብዙ የሚሰሙና ትንሽ የሚናገሩት፣ ማለትም እንግዳ አስተናጋጆችና መድረክ ላይ ዕቃ የሚያነሱት፣ በብሉቱዝ ናቸው። እኔና መብራትና በር ላይ ያሉት ወደ ገመድ ተመልሰናል። «አቁሙ» የሚል ቃል ጢጥ እስኪል መጠበቅ አይችልም። ቡድኑን ሳሰፋ ግን ብሉቱዝ አብሮት የተሠራ ሬዲዮ ማየት እፈልጋለሁ። ለሥራ የሚሆን ምን አለ?

የሬዲዮ ሐኪሟ፦

ከሞቶሮላ የሞቶትርቦ ቤተሰብ ውስጥ ብሉቱዝ አብሯቸው የተሠራ ሞዴሎች አሉ፣ ለሥራ ተብሎ የተሠራ ገመድ አልባ ማዳመጫና ፒቲቲም አላቸው። ሃይቴራም እንዲህ ያሉ ሬዲዮዎች አሉት። ስትገዛ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ተመልከት፤ መልካቸው አንድ ሆኖ አንዱ ብሉቱዝ ያለው፣ አንዱ የሌለው ይሆናል። ከመግዛትህ በፊትም ሁለቱን ሬዲዮዎች አስበራ፣ አንዱን ለሻጩ ስጠው፣ ራቅ ብለህ ቁልፏን ተጫንና ወዲያው ከአንድ እስከ አምስት ቁጠር። ከስንት ጀምሮ እንደሰማ ጠይቀው።

ገመድ በቃኝ፦

ይሄንንስ ወድጄዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፤ ብሉቱዝ ላይ ያሉት ልጆች ድምፃቸው ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ የሚሰሙትም ደግሞ ይሰነጠቅባቸዋል።

ጋሽ ሞገድ፦

የሬዲዮውን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍተውት ይሆናል። ሬዲዮው ሲጮህ አዳፕተሩ መቀበል ከሚችለው በላይ ይገባበትና ይሰነጠቃል። ሬዲዮውን ከግማሽ በታች አድርጋችሁ የቀረውን በማዳመጫው ቁልፍ ጨምሩት። ለጉድጓዱ ደግሞ ማይኩን ተመልከት፤ በአንድ ጆሮ የሚደረገው ማዳመጫ ማይኩ ወደ አፍ መዞር አለበት፣ ብዙ ሰው ወደ ጆሮው ጀርባ ያዞረዋል። እሱ ካልፈታው አዳፕተሩ የማይክ መጨመሪያ ካለው አንድ ደረጃ ብቻ ጨምር፣ ሞክር፣ ከዚያ ሌላ አንድ። በአንዴ ከጨመርከው የአዳራሹን ጫጫታ ነው የምታሰራጨው።

ገመድ በቃኝ፦

ከሦስቱ የሁለቱ ማይክ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። የሦስተኛውን ነገ አየዋለሁ፣ ማዳመጫውን ይዞት ወደ ቤቱ ሄዷል።